ያስገባ ይቅደም

አንድ ጊዜ፣ ከጉንዳን በቀር እንስሳ ሁሉ ስልክ በያዘበት አገር፣ ጎፍላ የሚባል ወንዝ ነበር። ጉንዳንም ያልያዘችው ስልክ ጠልታ አይደለም፤ የምትሸከመው ስለበዛባት ነው።

ጎፍላ በበጋ እንደ በግ ነው። ጥንቸል ሆዷን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን አያድርስ ነው። ላይ ደጋው ላይ ይዘንብና እዚህ ቆላው ላይ ፀሐይ እየሞቁ በጎርፍ መወሰድ አለ። ስንቱን ወስዷል! ሚዳቋ ወስዷል፣ ከርከሮ ወስዷል፣ አንድ ዓመት ደግሞ የጎሽ መንጋ ከነጥጃው ጠርጎ ወስዷል።

የጎሾቹ ነገር ሲመርራቸው እንስሳቱ ተሰብስበው አንድ ፕሮግራም ሠሩ። ስሙንም «ተሻገር» አሉት። አሠራሩ ቀላል ነው። ከመሻገሪያው አጠገብ ባለ ቋጥኝ ላይ ዝንጀሮዎች ምልክት ቀርጸዋል፤ በየተወሰነ ጊዜ የውኃውን ልክ እያዩ ይልካሉ። ፕሮግራሙ ልኩን ተቀብሎ ያሰላና በየሰዉ ስልክ አይባል ነገር፣ በየእንስሳው ስልክ ላይ ወይ ቀይ ሆኖ «ቁም» ይላል፣ ወይ አረንጓዴ ሆኖ «ተሻገር» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ለማንም ቆሞ የማያውቀው አያ አንበሳ እንኳ «ቁም» ሲለው ይቆማል።

ይህ ፕሮግራም ባለቤት የለውም። የሚከፍልም የሚከፈለውም የለም። ኮድ መጻፍ የቻለ ይጽፋል፤ የተበላሸ ያየ ይጠግናል፤ ያልቻለ ያመሰግናል፤ ማመስገን የከበደው ደግሞ ይሳደባል። በውዴታ የሚሠራ ነው ተብሎ ግን ልቅ አልነበረም። አንድ ደንብ ነበረው፤ የሁለት ዓይን ደንብ ይባላል። ማንም በኮዱ ላይ ለውጥ ሲያመጣ፣ ሌሎች ሁለት እንስሳት አይተውት፣ በአምናው ክረምት የውኃ ልክ ሞክረውት፣ «ይግባ» ካላሉ አይገባም። ሁለቱ «ይግባ» ሲሉ ቁልፍ ያዡ ያስገባዋል፤ ያኔ በሁሉም ስልክ ላይ ይሠራል።

ቁልፍ ያዡ ቀበሮ ነበር። ቀበሮን የሾሙት አምነውት አይደለም። ሌላው ሁሉ «ጊዜ የለኝም» ሲል እሱ ብቻ ስልኩን ከመዳፉ ስለማይለይ ነው።

ከደንቡ ውጭ የተተወ አንድ ነገር አለ፤ ቀለም። የአዝራሩን ቀለም ላድምቅ፣ ፊደሉን ላተልቅ ያለ ሁሉ ለቀበሮ ይልካል፤ ቀበሮ ብቻውን ያስገባል። «በቀለም የሰመጠ የለም» ተባብለው ነው የተዉት።

አያ ጅቦም ኮድ ከሚጽፉት አንዱ ነበር። ማን አስተማረው ቢባል ሆዱ ነው። ጅብ በዚህ ዓለም የሚጠላው መራብንና መጠበቅን ነው፤ «ተሻገር» ደግሞ በክረምት ሁለቱንም አንድ ላይ ያመጣበታል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ውኃው ጎደለ ሲባል ወዲያው አያምንም። ዝንጀሮዎቹ ሦስት ጊዜ ተከታትለው «ጎድሏል» ካላሉት ከቀይ ንቅንቅ አይልም። ጅብ ኮዱን ሲበረብር ይህችን ሦስት አገኛት። ደስታው ልክ አጣ። ሦስትን ሰርዞ አንድ አደረጋትና ለእይታ ላካት።

የዚያን ሰሞን ሁለቱ ዓይኖች ኤሊና አህያ ነበሩ። መጀመሪያ የምታየው ኤሊ ናት። እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ኤሊ ትዘገያለች። አንዱን መስመር እንደ ደረቅ ሣር ነው የምታኘከው። ጅብ ሳምንት ሙሉ ጠብቆ ጠብቆ በመጨረሻ ራሱ ሄደባት። ድንጋይ ሥር አገኛት።

«እትዬ ኤሊ፣ ላክሁልሽ እኮ!» አላት።

«አይቼዋለሁ፣ አያ ጅቦ።»

«ታዲያስ?»

«ሦስት የነበረውን አንድ አድርገኸዋል።»

«አየሽ? አንዲት ቁጥር ናት! አንቺ ግን ይኸው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ታላምጫታለሽ።»

«ለምን ሦስት እንደተባለ ታውቃለህ?» አለችው።

«ምን አውቄ!»

«እኔም አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የያዝኩት። መስመሩን የጻፈው ጋሽ ጉማሬ ነው። ጠይቄዋለሁ፤ ይመልስልኛል።»

«ጉማሬ? ያ ሼባ?» ጅብ አጓራ። «እሱ እኮ ታች ወርዶ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል! መልእክት የሚያየው ከውኃ ሲወጣ ነው፤ ከውኃ የሚወጣው ሲርበው ነው!»

«ይርበዋላ። የማይርበው ማን አለ?»

«እኔ አሁን ነው የራበኝ!»

ኤሊ አንገቷን ትንሽ ወጣ አደረገች። «የአምናውን ክረምት ልክ አስገብተህ ሞክረኸዋል?»

ጅብ መሞከር የሚባል ነገር እንዳለ ጭራሽ ረስቶታል። ነገሩን ለማስቀየስ «ሁለተኛዋ ዓይን ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«አህያ ናት። ከእኔ ቀጥሎ ታየዋለች።»

ጅብ ሳቁን ለቀቀው። ሸለቆው አስተጋባ። «የኔን ሥራ አህያ ልታይ? እኔ እኮ አህያን የማያት በሌላ ዓይን ነው!»

«ለዚያ ነው በሥራ ላይ መበላላት ክልክል የተደረገው» አለችና ኤሊ አንገቷን ወደ ቅርፊቷ መለሰች። ወሬው አለቀ ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ደጋው ላይ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ጎፍላ ሞልቶ ነበር፤ ስልኩ ሁሉ ቀልቷል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ውኃው ጎደለ፤ ድንጋዮቹ ራስ ራሳቸው ብቅ ብቅ አለ። ዝንጀሮዎቹም የመጀመሪያውን «ጎድሏል» ላኩ። ፕሮግራሙ ግን እንደ ልማዱ ሌላ ሁለት ይጠብቃል። «ቁም» እንዳለ ቀረ።

የዚያን ቀን ነው እንግዲህ ከወንዙ ማዶ አንድ የሰባ በሬ ከገደል ወድቆ የሞተው። ጥንብ አንሳዎች ገና ከሩቅ መዞር ጀምረዋል። አያ ጅቦ ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለሃጩን ያዝረበርባል። አንዴ በሬውን ያያል፣ አንዴ ስልኩን ያያል። ቀበሮ በዚያ ሲያልፍ አየውና ቀረብ አለ።

«ምነው ጀለሴ፣ እንደ ተሰበረ ቧንቧ ትፈሳለህ?»

«አይታይህም? በሬ! ሙሉ በሬ! ከነጉበቱ!»

«ታዲያ ተሻገራ! ምን ይጎልትሃል?»

«እንዴ! ስልኩ ቁም እያለኝ?» አለ ጅብ ደንግጦ።

ቀበሮ ወንዙን አየ፤ ጎድሏል። ስልኩን አየ፤ ቀይ ነው። ከዚያ ጅብን አየ። ይህ ሁሉ ጡንቻ ወንዙን አያይም፤ የሚያየው ስልኩን ብቻ ነው። ቀበሮ እንዲህ ያለ ፍጥረት ሲያጋጥመው አፉ አይስቅም፤ ሆዱ ነው የሚስቀው።

«ያቺ ለውጥህስ? ሦስትን አንድ ያደረግክባት?»

«ኤሊ ይዛታለች። ጉማሬን ልጠይቅ ትላለች። ከሷ ቀጥላ ደግሞ አህያ አለች። እስከዚያ በሬው አጥንት ይሆናል፣ እኔም አጥንት እሆናለሁ።»

«መላ አለኝ። ጉበቱን ግን ለኔ ታመጣለህ።»

«ጉበቱን?» ጅብ ፊቱ ጠቆረ። «ግማሹን።»

«ሙሉውን።»

ጅብ ማዶ ተመለከተ። አንድ ጥንብ አንሳ ክንፉን አጥፎ ሲያርፍ አየ። «እሺ፣ እሺ! ሙሉውን!»

«ስማ እንግዲህ። የአዝራሩን አረንጓዴ ትንሽ አድምቀው። ያቺን ቁጥር ከሥሩ ሸጉጣት። አናቱ ላይ ‹ቀለም ብቻ ነው› ብለህ ጻፍና ላክልኝ።»

«ኤሊስ?»

«ቀለም ኤሊ ጋ አይሄድም።»

«አህያስ?»

«አታካብድ እንጂ! ስለ ቀለም አህያን ማን ይጠይቃል? ውኃው እንደሆነ ጎድሏል፤ በዓይናችን እያየነው። ደንብ ማለት እኮ ለፋራ ነው።»

ጅብ ትንሽ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ቶሎ ተወው። «አንተም ከኔ ጋር ትሻገራለህ?»

«እኔማ ከዚህ ሆኜ ስልኩን እጠብቃለሁ። አንተ ቅደም።»

ጅብ ጻፈ፣ ላከ። ቀበሮ ሳያነብ አስገባው፤ ምን እንዳለበት ያውቀዋላ! ወዲያው በዚያ አገር ያለ ስልክ ሁሉ ጮኸ። አረንጓዴ ሆነ፤ ያውም ደመቅ ያለ አረንጓዴ። «ተሻገር።»

«አየህ! ወንዙ ፈቀደ!» አለ ጅብ በደስታ ዘሎ። ቁጥሯን የቀየራት እሱ ራሱ መሆኑን ገና ከአሁኑ ረስቶታል። ዘው ብሎ ገባ። ውኃው ከጉልበቱ አልዘለለም። ማዶ ደረሰ፤ ጥንብ አንሳውን በጩኸት አባረረና በበሬው ላይ ወደቀበት።

የስልኩን ጩኸት አህያም ሰማች። አህያ ከመሻገሪያው ራቅ ብላ ግራር ሥር ከውርንጭላዋ ጋር ተቀምጣ ነበር። ውርንጭላው ታሞ ገና መዳኑ ነው። ከታመመ ወዲህ ምግብ አይወርድለትም፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጨዋማ አፈር ሲልስ ብቻ ነው አፉ የሚከፈተው። ያንን አፈር ከትናንት ወዲህ አልቀመሰም፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ስለዚህ አህያ አረንጓዴውን ስታይ «ተነስ ልጄ፣ ተከፍቷል» ብላ በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አስነሳችው።

ዳሩ ጋ ሲደርሱ ቀበሮ ስልኩን ይዞ ቆሟል። አህያ እግሯን ልታስገባ ስትል ቆም አለች።

«አቶ ቀበሮ፣ ዛሬ ቶሎ ከፈተሳ! ደህና ነው?»

ቀበሮ ወንዙን አየ፣ ውርንጭላውን አየ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። ያቺ ቃል ግን ሌላ ቃል ታስከትላለች፤ «ለምን?» ትላለች አህያ። ከዚያ ኤሊ ትመጣለች፤ ከዚያ ቁልፉ ይሄዳል፤ ጉበቱም ይሄዳል።

«ስልኩ ምን ይላል?» አላት።

«ተሻገር ይላል።»

«እንግዲህ ስልኩ ካለ...» አለና ጆሮውን ማከክ ጀመረ።

«እውነትህን ነው። ሁለት ዓይን ያየው ነገር ነው» አለች አህያ። ከሁለቱ ዓይኖች አንዷ እሷ መሆኗን፣ ምንም አለማየቷንም አላሰበችም። ማን ያስባል? እምነት ማለት እንዲያ ነው። ውርንጭላዋን ከጎኗ አድርጋ ገባች።

መሀል ሲደርሱ አያ ጅቦ ከማዶ ሲመለስ ተገናኙ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ በአፉ አንድ ትልቅ አጥንት ይዟል። ጉበቱን እዚያው ቀምሶ፣ ሲቀምስ አልቆበት ነበር። አህያን ሲያይ አጥንቱን በመንጋጋው አጋደለና «ጠግቤ አገኘሁሽ፣ ዕድለኛ ነሽ!» አላት።

«በሥራ ላይ ነኝ፣ አያ ጅቦ፤ መንገድ ልቀቅ» አለች።

ድምፁ የመጣው ያኔ ነው። ሩቅ እንደሚጎተት ግንድ ያለ ድምፅ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አንዲት ደመና የለም። አህያ ጆሮዎቿን ቀና አደረገች። ላይ በመታጠፊያው ላይ ቡናማ ግድግዳ ብቅ አለ፤ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሟል።

«ልጄ! ሩጥ!»

ውርንጭላው ሊሮጥ ሞከረ፤ ቀጭን እግሮቹ በድንጋዮቹ ላይ አንሸራተቱት። አህያ በደረቷ ልትጋርደው ዞረች። ውኃው ደረሰ። ጅብን አንስቶ ከቋጥኝ ጋር አላተመው፤ ዳሌው ቀጭ ሲል ተሰማ። በአፉ የያዘው አጥንት በውኃ ሄደ። የሚይዘው ሲፈልግ የአህያን ጭራ አገኘና ጥርሱን ተከለበት።

«ልቀቀኝ! ልጄ! ልቀቀኝ!»

ጅብ አለቀቀም። አህያ ጅብን እየጎተተች፣ ውኃ እየጠጣች ታግላ ወደ መጣችበት ዳር ወጣች። ዘወር ብላ አየች። ውርንጭላው የለም። ሁለት ጆሮዎች ከዛፉ ግንድ አጠገብ አንዴ ብቅ አሉ፤ ከዚያ የታችኛው መታጠፊያ ሰወራቸው።

አህያ እየጮኸች በወንዙ ዳር ወደ ታች ሮጠች። ጅብ ጭቃ ላይ ተዘርግቶ ያቃስታል። ቀበሮ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ዝንጀሮዎቹ ሁለተኛውን ልክ ላኩና በመዳፉ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ቀይ ሆነ።

«ቁም።»

ጋሽ ጉማሬ የዚያን ዕለት ርቦት ከውኃ ወጥቶ ነበር። ሣር ግጦ፣ ስልኩን ከፍቶ፣ የኤሊን ጥያቄ አነበበ፦ «ጋሽ ጉማሬ፣ ለምን ሦስት?» አንብቦ ሲጨርስ ተነሳ። በስልክ የሚመለስ ነገር አልመሰለውም። ወደ ላይ ሊወጣ ወንዙ ውስጥ ሲገባ ጎርፉ ገጠመው። ጉማሬን ጎርፍ ምን ያደርገዋል? እግሩን ተክሎ አሳለፈው። ከሚያልፈው ግንድና ቅጠል መሀል አንድ ነገር መጥቶ ጎኑ ላይ ተለጠፈ፤ ጆሮ ያለው ነገር።

እንስሳቱ በመሰብሰቢያቸው ዋርካ ሥር ተሰብስበው ሲነታረኩ ጉማሬ ውርንጭላውን በጀርባው አዝሎ መጣ። ቀድማ ያየችው ልጇን ፈልጋ አጥታ የተመለሰችው አህያ ናት። ሄዳ አሸተተችው፤ ከጆሮው እስከ ኮቴው ላሰችው። በሕይወት አለ። ይንቀጠቀጣል እንጂ አለ።

ኤሊ ጉማሬን አየችውና «ለምን ሦስት?» አለች። ያኛው ጥያቄ አልተመለሰላትምና።

ጉማሬ ቁጭ አለ። «ጎፍላ ሁለት እናት አለው። አንዷ ገባር ከቅርብ ናት፤ ቶሎ ትሞላለች፣ ቶሎ ትጎድላለች። ሌላዋ ደጋውን ዞራ ከሩቅ ነው የምትመጣ። የመጀመሪያዋ ጎደለች ብለህ ስትገባ ሁለተኛዋ ትደርስብሃለች። ያኔ ጎሾቹን የወሰደች እሷ ናት። ሁለተኛዋ እስክታልፍ ብዬ ነው ሦስት ያልኩት።»

«ይህን ከመስመሩ ጎን ብትጽፈው ምን ነበረበት?» አለች ኤሊ።

«ሁሉም የሚያስታውሰው መስሎኝ ነበር» አለ ጉማሬ። አንገቱን ደፋ።

«ሦስቷን ማን ነካት ታዲያ?» አለ ከዝንጀሮዎቹ አንዱ።

ቀበሮ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ። ጅብ ግን መደበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከተኛበት ሆኖ ጮኸ፦ «እኔ ነኝ የጻፍኳት! እሱ ነው ያስገባት! ከቀለም ሥር ሸጉጣት ያለኝም እሱ ነው! ጉበትም ቃል ገብቼለት ነበር፤ በላሁበት እንጂ!»

ዋርካው ሥር ጫጫታ ሆነ። ቀበሮ መዳፉን አንስቶ አረጋጋቸው። «አንዴ ስሙኝ! እዚህ ማነው የሚከፍለኝ? ቀን ከሌት በነፃ ነው የማገለግለው። ለአንዲት ስህተት እንዲህ ይጮህብኛል?»

«እኔንስ ማን ከፈለኝ?» አለች ኤሊ።

«እኛስ?» አለ ዝንጀሮው። «በዶፍ ዝናብ ቋጥኝ ላይ ተጎልተን የምንለካው በደመወዝ መሰለህ?»

ቀበሮ ሌላ መንገድ ሞከረ። «እሺ፣ ኤሊ ብትፈጥን ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር? አንዲት ቁጥር ሳምንት ሙሉ! ጅብ እኮ እንስሳ ነው፣ ይርበዋል!»

አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ኤሊ ያላዘገየችው እንስሳ እዚያ አልነበረም።

«እዘገያለሁ» አለች ኤሊ። «ይህን አልክድም። ሌላ ዓይን ጨምሩልኝ፣ እፈጥናለሁ። ግን ይህንን ልጅ ውኃ ውስጥ ያስገባው መዘግየቴ አይደለም።»

አህያ ውርንጭላዋን በደረቷ እንደከለለች ቀና ብላ ቀበሮን አየችው።

«ዳሩ ላይ ጠየቅኩህ። ደህና ነው ወይ አልኩህ። ምን አልከኝ?»

ቀበሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ስልኩ ምን ይላል አልኩሽ።»

«ስልኩ የሚለውን አንተ ነህ ያስባልከው።»

ቀበሮ ስልኩን ከጀርባው ደበቀ።

«ይባረር!» አለ አንዱ። «ቁልፉን ይቀማ!» አለ ሌላው። «ይበላ!» አለ ጅብ፤ ማንም አልሰማውም።

«አይባረር» አለች አህያ። «እሱን ብታባርሩ ነገ ሌላ ቀበሮ ትሾማላችሁ። ቁልፉም እዚያው እሱ ጋ ይሁን። አንድ ደንብ ብቻ ጨምሩልኝ። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ለውጥ በገባ ቁጥር፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቀለምም ይሁን፣ ስልኩ መጀመሪያ ‹ተሻገር› ሲል ከሁሉ በፊት ወንዙ ውስጥ የሚገባው ያስገባው ነው። ያስገባ ይቅደም።»

ቀበሮ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተኙ። «እኔ እኮ ውኃ አልወድም...»

«ልጄስ ይወዳል?» አለች አህያ።

እንስሳቱ ተስማሙ። ሦስት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከጎኗም ጉማሬ የሁለቱን እናቶች ነገር በአጭሩ ጻፈበት። ኤሊና አህያ አይተው፣ በአምናው ክረምት ሞክረው «ይግባ» አሉ። ቀበሮ አስገባ።

መመለሱ የአንድ ሰዓት ሥራ አልፈጀም። ሌላው ግን እንዲያ ቶሎ አልተመለሰም። ቀጥሎ ዝናብ ዘንቦ፣ ውኃው ሞልቶ ጎድሎ ስልኩ ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን፣ መሻገሪያው ዳር ላይ ስንቱ እንስሳ ተኮልኩሎ ቆመ፤ አንድም እግር ውኃ አልነካም። አያ አንበሳ ሳይቀር ስልኩን አይቶ፣ ወንዙን አይቶ፣ ቀበሮን አየ። ሁሉም ቀበሮን አየ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ተሻገሩ ይላል እኮ!» አለ ቀበሮ።

«ቅደም» አለች አህያ።

ቀበሮ ገባ። ጭራውን በሆዱ ሥር ወሽቆ፣ አንድ እግር አስገብቶ አንድ እግር እያወጣ፣ ወደ ላይኛው መታጠፊያ እያየ ገባ። ውኃው ሆዱን ሲነካው ሌላ ጊዜ ስሙን የማይጠራውን መልአክ ሁሉ ጠራ። ማዶ ደርሶ ሲያራግፍ ነው ሌሎቹ የተንቀሳቀሱት።

አህያም ተሻገረች፤ ብቻዋን። ውርንጭላው ከዚያን ቀን ወዲህ ውኃ አይገባም፤ ስልኩ የፈለገውን ቀለም ቢያሳየው አይገባም። እናቱ ጨዋማውን አፈር ማዶ ሄዳ በከረጢት ተሸክማ ታመጣለታለች። ዳር ቆሞ ይጠብቃታል። የጅብም ዳሌ አልቀናም፤ እስከ ዛሬ ከኋላው ዝቅ ብሎ የሚሄደው ለዚያ ነው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አያ ጅቦ እያነከሰ ቀበሮ ጋ መጣ።

«ጀለሴ፣ አንድ ለውጥ ልኬልሃለሁ። አዝራሩ በጣም ደምቆ ዓይኔን ይወጋኛል፤ ትንሽ አደብዝዤዋለሁ። አስገባልኝ።»

«አይቼዋለሁ» አለ ቀበሮ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ። «ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አሁን ለአራተኛ እያነበብኩት ነው።»

«ቀለም ብቻ ነው! በሞትኩት! ከሥሩ ምንም የለም!»

«ኤሊ አይታዋለች?»

«ለቀለም?»

«ለቀለም። አህያስ? የአምናውን ክረምት ሞክረኸዋል?»

«ምን ሆነሃል አንተ? ደንብ ለፋራ ነው ስትለኝ አልነበረም?»

ቀበሮ ቀና ብሎ ወደ ደጋው አየ። ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ነገ ይዘንባል፣ አያ ጅቦ» አለው። «የሚቀድመው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው መንገድ የሚከፍት ሁሉ ራሱ ቀድሞ እንደሚሄድበት አድርጎ፣ አይቶና አስፈትሾ መክፈት እንዳለበት ነው።